በጀልባ ሲጓዙ የመሥሪያ ቤት ቁልፎችን ከመጥፋት መጠበቅ

በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ልዩ ወረዳ ባሮ ወንዝ የዓሣ ምንጭ ብቻ ሳይሆን መንገድም ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ስምምነት በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲሰጥ የሚል አንቀጽ ነበረው። ጣቢያው በኋላ የተቋቋመው በጋምቤላ ሲሆን፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን ተነስተው እስከዚያ ይደርሱ ነበር።

ዛሬም የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ በበጋ በእግርና በመኪና የሚደረስባቸው አንዳንድ ቀበሌዎች በውሃ ይከበባሉ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮን ጨምሮ የክልሉ ወንዞች ከመጠን በላይ ሞልተው ኢታንግን ጨምሮ በበርካታ ወረዳዎች ነዋሪዎችን ማፈናቀላቸው ይታወሳል። እንዲህ ባለው ወቅት የጤና፣ የግብርና፣ የትምህርትና የፋይናንስ ባለሙያዎች ወደ ሥራ ቦታቸው የሚደርሱት በታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ ነው። በኪሳቸውም የቢሮ፣ የመድኃኒት መጋዘን፣ የካዝናና የሞተር ብስክሌት ቁልፎች ይገኛሉ።

ቁልፉ ወንዝ ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ በያዘው ሠራተኛ ላይ ብቻ አይቀርም። የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ከጠፋ ሕመምተኛ ይጉላላል፤ የካዝና ቁልፍ ከጠፋ ክፍያ ይዘገያል። ጓጉንቸር ሰብሮ መቀየር ቀላል ሊሆን ይችላል። ካዝና ለመክፈት ግን ባለሙያ ከሩቅ ማስመጣት፣ ኮሚቴ ማቋቋምና ቃለ ጉባኤ መያዝ ያስፈልጋል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ጥንቃቄ ለጉዞው የማያስፈልገውን ቁልፍ ወንዝ ይዞ አለመሻገር ነው። ለመስክ ሥራ የሚወጣ ሠራተኛ የቢሮና የካዝና ቁልፎችን በርክክብ ቅጽ ለተወካዩ አስረክቦ ቢሄድ ሥራው አይስተጓጎልም። ተጠባባቂ ቁልፍም በታሸገ ፖስታ፣ በኃላፊ እጅ፣ በተለየ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ዋናውና ተጠባባቂው በአንድ ቀለበት ታስረው ከተጓዙ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሰጥማሉ።

ይዞ መጓዝ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ቁልፉ እንዳይሰጥም ማድረግ ይቻላል። ቁልፍ የሚሠራበት ነሐስ ከውሃ ከስምንት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ 100 ግራም የሚመዝኑ የነሐስ ቁልፎች ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚቀንሱት ክብደት 12 ግራም ያህል ብቻ በመሆኑ ወዲያው ይሰጥማሉ። ከቀሪው 88 ግራም በላይ ማንሳት የሚችል ተንሳፋፊ ነገር ከታሰረባቸው ግን ከውሃው በላይ ይቆያሉ።

ለዚህ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑ በደንብ ከተጠበቀ ከ400 ግራም በላይ ይሸከማል። ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው ላይ የሚያስሩት ተንሳፋፊም ያገለግላል። ተንሳፋፊው በጠንካራ ሲባጎ ከቁልፉ ቀለበት ጋር ይታሰራል፤ በደፈረሰው የክረምት ውሃ ላይ በሩቅ እንዲታይም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ ይጠመጠምበታል። ከጉዞ በፊት በባልዲ ውሃ ውስጥ ጥሎ መሞከር ያስፈልጋል። በባልዲ ውስጥ የሰጠመ ቁልፍ በባሮ ላይ አይንሳፈፍምና።

ቁልፍ በብዛት ሊወድቅ የሚችለው ጀልባው በጉዞ ላይ ሳለ ሳይሆን ተሳፋሪው ሲሳፈርና ሲወርድ፣ ወደ ጎን ሲያጎነብስ ወይም የጉዞ ሒሳብ ለመክፈል ኪሱን ሲፈትሽ ነው። ስለዚህ ቁልፍን ከገንዘብና ከሞባይል ስልክ ጋር በአንድ ኪስ አለመያዝ፣ የደረት ኪስን መተውና ቁልፉን ዚፕ ወይም ቁልፍ ባለው ኪስ አስቀምጦ በሲባጎ ከቀበቶ ጋር ማሰር ይመከራል። በአንገት ላይ ማንጠልጠል ግን ገመዱ በአንዳች ነገር ሲያዝ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ከጀልባው ጋር ማሰርም አይመከርም፤ ጀልባው ቢገለበጥ ቁልፉ አብሮ ይሄዳል።

የጀልባ ሞተር አንቀሳቃሾች በበኩላቸው ሌላ ገመድ ማስታወስ ይኖርባቸዋል። በብዙ የጀልባ ሞተሮች ላይ አንድ ጫፉ ከሞተሩ ማጥፊያ፣ ሌላው ከነጂው ሰውነት ጋር የሚያያዝ የደኅንነት ገመድ አለ። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ተመዝዞ ሞተሩን ያጠፋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁልፍ ቢሰጥም ቦታውን በዳርቻው ባለ ዛፍ ወይም ቤት ምልክት ማድረግ ይገባል። ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ቦታ ማግኔት በገመድ አስሮ ከጀልባ ላይ መፈለግ ይቻላል። ማግኔት ነሐስን ስለማይስብ ቁልፎቹን የሚያስተሳስረው ቀለበት ከብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል።

ቁልፍ ፍለጋ ወደ ወንዙ መግባት ግን ፈጽሞ አይገባም። ባሮ በክረምት ኃይለኛ ከመሆኑም ሌላ አዞ ያለበት ወንዝ ነው። በ1958 ዓ.ም. በጋምቤላ በወንዙ ሲዋኝ የነበረ አንድ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ በአዞ ሕይወቱን አጥቷል። የጠፋ ቁልፍ ለኃላፊ በጽሑፍ ሪፖርት ተደርጎ፣ ጓጉንቸሩም ተቀይሮ ይተካል። የሰው ሕይወት ግን ተጠባባቂ የለውም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሠራተኛ በውሃ ወደ መስክ ከመላካቸው በፊት የቁልፍ ርክክቡንና የሕይወት አድን ጃኬቱን አብረው ሊያረጋግጡ ይገባል።