ዋጋው ያለው ከብረቱ ላይ ሳይሆን ከቁጥሩ ላይ ነው
የአሜሪካ ጦር አሮጌ የራስ ቁሮች ገበያ

ከ22 ሚሊዮን በላይ የተመረተ ዕቃ ብርቅ ሊሆን አይገባውም። የአቅርቦትና የፍላጎት ሀሁ የሚለው ይህንኑ ነው። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮቿ ያደለችው «ኤም 1» የተባለ የብረት የራስ ቁር ግን ደንቡን የጣሰ ይመስላል። ከጦርነቱ በኋላ ትርፍ የጦር ዕቃ በሚቸረችሩ ሱቆች በርካሽ ሲሸጥ የነበረው ይኸው ቁር ዛሬ በሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋው ለየቅል ነው። አንዱ በመቶ ዶላር አካባቢ ሲገኝ፣ መንትያው የሚመስለው ሌላው ብዙ መቶዎች ያወጣል። ለፓራሹት ወታደሮች የተሠራው ዓይነትማ በሺዎች ይጠራል።

ልዩነቱን የሚያመጣው የተመረተበት ጊዜ ነው። ቁሩ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ሲውል አብዛኛውን ያመረተው የዲትሮይቱ ማኮርድ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1943 የሴንት ሉዊሱ ሽሉተር ተጨምሯል። ምርቱ እየቀጠለ ሳለ ዕቃው ተሻሻለ። የአገጭ ማሰሪያው የሚገባባቸው ቀለበቶች መጀመሪያ ከብረቱ ጋር በቋሚነት የተበየዱ ነበሩ፤ እየተሰበሩ ስላስቸገሩ በ1943 በሚታጠፉ ቀለበቶች ተተኩ። የጠርዙ መገጣጠሚያም እስከ 1944 መጨረሻ ገደማ በግንባር በኩል ከቆየ በኋላ ወደ ኋላ ዞረ። ስለዚህ ቋሚ ቀለበትና የፊት መገጣጠሚያ ያለው ቁር ከመጀመሪያዎቹ የጦርነት ዓመታት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚናገረው ግን በውስጥ በኩል፣ ከግንባሩ አጠገብ ተመትቶ የሚገኘው ቁጥር ነው። ፋብሪካው ቁጥሩን የመታው ብረቱ ከየትኛው ቅልጥ እንደመጣ ለማወቅ እንጂ ዓመተ ምሕረት ለመጻፍ አልነበረም። ሰብሳቢዎች ከየቤቱና ከየጨረታው ቁጥሮቹን እየመዘገቡ፣ ከታወቁት የአሠራር ለውጦች ጋር እያመሳከሩ የምርቱን ጊዜ በግምት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ማንም ደመወዝ ያልከፈለው ምርምር ነው፤ የዛሬው የዋጋ ተመን ግን የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

የዋጋ ክፍተት ባለበት ደግሞ በያጅ አይጠፋም። የፓራሹት ወታደሮች ቁር ማሰሪያ የሚይዘው በእንግሊዝኛው «ዲ» ፊደል ቅርጽ በተሠራ ቋሚ ቀለበት ነው። አጭበርባሪው የተራውን ወታደር ቁር ቀለበት ቆርጦ የ«ዲ» ቅርጹን ይበይድና ቀለም ቀብቶ፣ አሸት አድርጎ ያስረጀዋል። ስለሆነም ዐዋቂ ገዢ አስቀድሞ የሚመለከተው ብየዳውንና ከሥሩ ያለውን ቀለም ነው። የጦርነቱ ዘመን ቀለም እንዳያብለጨልጭ የተፈጨ ቡሽ ይነሰነስበት ነበር፤ በኋላ በታደሱት ላይ የሚታየው ደቃቅ አሸዋ ነው። ማግኔትም ይረዳል። የአሜሪካው ቁር የተሠራበት የማንጋኒዝ ብረት ማግኔት እምብዛም አይስበውም፤ በሌሎች አገሮች በአምሳያው ከተሠሩት መካከል ግን ጥርቅም የሚያደርጉ አሉ።

ከሐሰተኛው ይልቅ የሚያደናግረው ቅይጡ ነው። የ1942 ቅርፊት፣ በቬትናም ጊዜ የተሠራ የውስጥ ቆብ፣ ከሌላ ቁር የተነቀለ ማሰሪያ። እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እውነቱ ይጠፋል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገዝቶ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። በእርግጥ ሁሉም ቅይጥ የአጭበርባሪ ሥራ አይደለም። ጦሩ ራሱ አሮጌዎቹን ቀለም እየቀባ፣ ማሰሪያ እየለወጠ ለኮሪያና ለቬትናም ጦርነቶች ተጠቅሞባቸዋል። የ1944 መልክ ይመለስለት ብሎ ይህን የኋላ ቀለም የሚፍቅ ሰው ግን የገዛ ገንዘቡን ይፍቃል።

ነገሩ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኘውም በኮሪያ በኩል ነው። በ1951 ፑሳን የደረሰው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ የታጠቀው የአሜሪካን ትጥቅ፣ የደፋውም ይህንኑ ቁር ነበር። እዚህ ላይ የቁጥሩ ሠንጠረዥ አይበቃም። ብረቱ ከየትኛው ቅልጥ እንደወጣ ይናገራል እንጂ ኢትዮጵያዊ ይድፋው አሜሪካዊ አይነግርም። ይህን የሚነግረው በውስጡ የተጻፈ ስም፣ ወታደሩ ቁሩን ደፍቶ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ወይም ከግንባር የላከው ደብዳቤ ነው።

ሰብሳቢዎች ዕቃውን ግዛ እንጂ ወሬውን አትግዛ የሚሉት ለዚህ ነው። «የቃኘው ነው» የሚል ሻጭ ወረቀት ከሌለው የሚገባው ዋጋ የማንኛውም ኤም 1 ዋጋ ነው፤ ጭማሪው የደላላው ምላስ ዋጋ ይሆናል። በአንጻሩ የዘማቹ ልጆች ቤት ሲያጸዱ ብረቱን ይዘው አሮጌውን ፎቶግራፍ ከጣሉ፣ ቁሩን ከቀሩት ሚሊዮኖች የሚለየውን አብረው ጥለውታል።