መሣሪያ መቀየር ለእጅ እረፍት አይደለም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሙዚቃ ተለማማጆች እጅ ነው። "እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም" ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ልጃችሁን ኪቦርድ ያስጀመራችሁ ብዙ ናችሁ።

በቅርቡ ዘመድ ልጠይቅ ሸዋሮቢት ወርጄ ነበር። ማታ በረንዳ ላይ ነፋስ እየተቀበልን ሳለ አንድ የጎረቤት ልጅ መጣ። ሠርግ ላይ ይጫወታል፤ ክራርም፣ ማሲንቆም፣ ኪቦርድም ይችላል። ግራ እጁን እያሻሸ እንዲህ አለኝ፦

"ዶክተር፣ ክራሩ ሲያመኝ ማሲንቆ አነሳለሁ፤ እሱም ሲያመኝ ወደ ኪቦርድ እሄዳለሁ። እያሳረፍኩት ነው፣ ግን አልሻል አለኝ።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሠርግ አለበት፤ ቀብድም ተቀብሏል።

ስህተቱ "እያሳረፍኩት ነው" የሚለው ላይ ነው። ክራር በግርፍም ሆነ በድርድር ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች ሥራ አይፈቱም። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ቀኝ እጅ ደጋኑን ሲገፋ፣ አንገቱን ይዞ ክሩን የሚጫነው ግራው ነው። ኪቦርድም ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያው ሦስት ይሁን እንጂ የሚደክመው እጅ አንድ ነው። ቀን ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው ደግሞ የቤተሰቡን የሽንኩርት ማሳ ይኮተኩታል። ማታ በዚያው እጅ ስልክ ይነካካል። እጅ ሁሉንም ይደምረዋል!

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

ጣቶቻችንን የሚያንቀሳቅሱት አብዛኞቹ ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ከክርን በታች ባለው ክንዳችን ላይ ነው። ከዚያ የሚነሱት ጅማቶች በእጅ አንጓ ላይ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያለ እረፍት ሲደጋገም ጅማቱና ሽፋኑ ይቆጣሉ፣ ያማሉ፣ አንዳንዴም ያብጣሉ። በዚያው መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን ደግሞ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሀል ጣት ይደነዝዛሉ፤ በተለይ ሌሊት።

ምን እናድርግ?

1. ስትለማመዱ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ተጫውታችሁ 5 ደቂቃ እጃችሁን ባዶ አድርጉ። በእረፍቱ ስልክ አታንሱ።

2. የሁሉንም መሣሪያ ሰዓት አንድ ላይ ደምሩ። ዛሬ ማሲንቆ ከጨመራችሁ ከክራሩ ቀንሱ። ሠርግ ደረሰ ብሎ ከአንድ ሰዓት ወደ አምስት ሰዓት መዝለል ጅማትን ማስቆጣት ነው።

3. በዝግታና በቀላል ዜማ ጀምሩ።

4. አንጓችሁ እንዳይታጠፍ፣ ትከሻችሁም ወደ ላይ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። እንደ ይፋት ባለ ሙቀት ጣት ሲያልብ ያንሸራትታል፤ ያኔ ሳናውቀው አጥብቀን እንይዛለን። ፎጣ አጠገባችሁ አድርጉ።

5. በእረፍት ሰዓት ያለ መሣሪያ ተለማመዱ፦ ዜማውን አንጎራጉሩ፣ ግጥሙን አጥኑ፣ ቅጂውን አዳምጡ።

6. ሕመም ሲጀምር አቁሙ። ዳይክሎፌናክ ውጦ መጫወት ሕመሙን ይደብቃል እንጂ ጉዳቱን አያስቆምም፤ ጨጓራና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። የተቆጣ ጅማት በኃይል አይታሽም፣ አይጎተትም።

ወደ ሐኪም መቼ እንሂድ?

እረፍት አድርጋችሁ በሁለት ሳምንት ካልተሻላችሁ፣ መደንዘዙ ከእንቅልፍ የሚያስነሳችሁ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጃችሁ የሚወድቅ ከሆነ ሳትዘገዩ ታዩ። እጃችሁ ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለው ደግሞ በዚያው ቀን ሂዱ።

የእጅ ችግር ትልልቆቹንም አይምርም። ታዋቂው አሜሪካዊ ፒያኒስት ሊዮን ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀኝ እጁ ጣቶች እየታጠፉ አልታዘዝ አሉት። የእሱ ችግር ከተራ የጅማት ሕመም የተለየ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ድርሰቶችን ለመጫወት ተገደደ።

ወደ ልጁ ልመልሳችሁ። "ቀብዱን መልስ" አላልኩትም፤ እንጀራው ነው። ግራ እጁን ከክራርም፣ ከማሲንቆም፣ ከኩትኳቶም እንዲያሳርፍ፣ ክራሩን ለጓደኛው ሰጥቶ እሱ እንዲዘፍን ተነጋገርን። ከሠርጉ በኋላ በቴሌግራም ጻፈልኝ፦ "ዶክተር፣ ሠርጉ አልፏል። እጄ ቀለል ብሎኛል፣ ግን ገና ነው።"

"ገና ነው" ማለቱን ወደድኩት። ጅማት ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ስለዚህ ልምምዱን በቀን ከ10 ደቂቃ፣ በአንድ መሣሪያ ብቻ እንዲጀምር ነገርኩት።

እናንተስ ስትጫወቱ የትኛው እጃችሁ ነው ቀድሞ የሚደክመው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። መሣሪያ ለሚለማመድ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።