ዋልያስ፦ መሣሪያው የራሱ የነበረ ባንድ

ስለ ቀድሞ ዘፈኖች ሲወራ ስሙ የሚነሳው የድምፃዊው ነው፤ ከኋላ ቆመው ዘፈኑን የተሸከሙት እምብዛም አይጠሩም። ዋልያስ ባንድ ግን ያለ ድምፃዊም የሚደመጥ ሙዚቃ አቆይቶልናል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ቬነስ ክለብ ይጫወቱ የነበሩ ሙዚቀኞች መሠረቱት። ኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ተማረ ሐረጉ ድራም ይጫወቱ ነበር፤ ግርማ በየነ ደግሞ በፒያኖና በቅንብር ይታወቃል። በ1977 ያወጡት «ቼ በለው»፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፈበት፣ በአገራችን በጣት ከሚቆጠሩት የመሣሪያ ብቻ አልበሞች አንዱ ነው። በውስጡ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት» የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ሳይቀር ደግሞ ተጫውቶታል። ኦርጋኑ አንዱን ሐረግ ደጋግሞ ይይዛል፤ ቤዙና ድራሙ ከሥሩ ፈንኩን ያስኬዱታል፤ ነፋስ መሣሪያዎቹ ግን በአገር ቤት ቅኝት ይገቡበታል።

ለወለጋዋ ነቀምቴ አንባቢ ይህን ባንድ የማስተዋውቀው ለትዝታ ብዬ አይደለም። የተበተነ ባንድ ዳግም ሊነሳ የሚችለው ስንቶች ስለናፈቁት ሳይሆን ሙዚቀኞቹ የራሳቸው መሣሪያ፣ የራሳቸው ውልና ቋሚ መድረክ ሲኖራቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የዋልያስ ታሪክ በመነሳቱም በመበተኑም ይህንኑ ያሳያል። ከዋልያስ በፊት ሙዚቀኛ በአብዛኛው የሚቀጠረው በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት፣ በቴአትር ቤት ወይም በክለብ ነበር። መሣሪያውም የቀጣሪው ነው፤ ሥራውን የለቀቀ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዝተው ውላቸውንም ራሳቸው ተደራድረው ሒልተን ሆቴል ገቡ። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት ዘመን ከተማው በጊዜ ሲዘጋ፣ ሒልተን የገባው ታዳሚ ግን እገዳው እስኪነሳ እዚያው ያነጋ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ሲጫወት ያድራል። ሙዚቀኛ የጓደኛውን ትንፋሽ የሚለምደው እንዲህ ሌሊት በሌሊት አብሮ ሲሠራ ነው። በልምምድ ክፍል ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ የአገራችን ዘመናዊ ባንድ እዚያ ሲዞር የመጀመሪያው ነበር። ከጉዞው በኋላ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኬ እዚያው ቀርተው ዙላ የተባለ ባንድ አቋቋሙ። ዮሐንስና ተማረ ተመልሰው የዋልያስን ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ይዘው ቆዩ። የመበተኑን ዋጋ በትክክል የሚነግረን ግን ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ የቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» ነው። በልጅነቱ በራሱ የተማረውን አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ብቻውን ተጫወተ፤ ድራሙን ለማሽን ሰጠው። ውብ ሥራ ነው። ሆኖም በጥሞና ላዳመጠው ሰው አኮርዲዮኑ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ያው አንድ እጅ ነው፤ ድራሙም ስሜቱን ተከትሎ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጦ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ዳግም አወጣው፤ የመድረክ ጥሪ ተከተለ፤ ጥሪው ሲደርሰውም እጁ አልዛገም ነበር። በ2018 «ላላ በሉ»ን ያወጣው ከቤዝና ከድራም ተጫዋቾች ጋር ሆኖ ነው፤ በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተለ። ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ይዞ ተመለሰ።

እዚህ ላይ፣ ሁለቱም የተመለሱት ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ስለሆነ ለሙዚቃው የቀድሞው ባንድ አያስፈልገውም የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው፤ ዜማው ለሌላ ትውልድና ለሌላ አገር ሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ መተላለፉም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሁለቱም የተመለሱት አብሯቸው የሚተነፍስ ሰው ሲያገኙ መሆኑን ልብ እንበል፤ ስለዚህ ምሳሌው የባንድን አስፈላጊነት ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። የሌላው ወገን ቅሬታ የአገር ሀብት በውጭ አሳታሚ እጅ ገባ የሚል ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቁጣው መዞር ያለበት እነዚህን ካሴቶች ለሠላሳ ዓመት ያህል ዳግም ሳናሳትም ወደኖርነው ወደ እኛው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ የቀረበ ነው፦ የሒልተን ባንድ ለወለጋ ከተሞች ምን ይፈይዳል? በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር፤ ጊታሩም ድራሙም የመንግሥት ንብረት ነበር። በ1991 መዋቅሩ ሲፈርስ ተጫዋቹ ችሎታውን ይዞ ቀረ፤ የሚጫወትበት ግን አልቀረለትም። ካሴት ማስቀረጽ የፈለገም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ሠርግ ቤት አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ይበቃል ይባላል፤ ወጪው ቀላል ስለሆነ ደጋሹን አልወቅሰውም። ነገር ግን ማሽኑ የሚያሳጣንን ከ«ሸሞንሟናዬ» ሰምተናል። ነቀምቴ ላይ የቀድሞ ተጫዋቾችን ማሰባሰብ የሚሻ ካለ የአንድ ቀን የመታሰቢያ ዝግጅት ባይደግስ እመርጣለሁ። ለዚያ የሚያወጣውን ገንዘብ በተጫዋቾቹ ስም ቤዝ፣ ድራምና ሳክስፎን ይግዛበት፤ ከዚያም ከአንድ ሆቴል ጋር በየሳምንቱ ለአንድ ሌሊት፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚቆይ ውል ይዋዋልላቸው። ቀረጻው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።