ዲማ ጊዮርጊስ

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኝ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ገዳምና የአብነት ትምህርት ቤት ነው። መሥራቹ አቡነ ተከስተ ብርሃን ናቸው።

እንደ ሌሎቹ የአገሩ አጥቢያዎች ሁሉ የሳምንቱ ኑሮ የሚመራው በጾምና በሰንበት ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ቅዳሜ ከእሑድ ጋር እንዲከበር በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ተወስኗል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞች ተራ ገብተው ባዘጋጁት ዳቦና ጠላ ይገናኛሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በየወሩ በ23 ይታሰባል፤ ዓመታዊ በዓሉ ሚያዝያ 23 ነው።

ቅዳሴ በልማድ ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ ዲያቆን የታጣ እንደሆነ ይታጎላል። ከዲያቆናቱ ብዙዎቹ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል (በትሩ ለውሻ ነው)። ገበሬው የሚሰጠው ቁራሽ ደርቆ ይቀመጥና ስንቅ ይሆናል። ስለዚህ አዝመራ ሲበላሽ ጉዳቱ ለገበሬው ብቻ አይደለም፤ ቁራሽ ሲጠፋ ተማሪው ይሰደዳል፣ አገልጋይም ይመናመናል።

ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በዲማ ተምረዋል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለዳቸውም ዲማን ከዋና መቼቶቹ አንዱ አድርጓል።