ሮጀር ቼን እና የሴልን ውስጥ የሚያሳዩ ሞለኪውሎች

ሮጀር ቼን በሕያው ሴል ውስጥ የሚካሄደውን ነገር በብርሃን የሚጠቁሙ ሞለኪውሎችን በመሥራት የታወቁ አሜሪካዊ ኬሚስት ነበሩ። በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኦሳሙ ሺሞሙራና ከማርቲን ቻልፊ ጋር የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። ሽልማቱ የተሰጣቸው ከጄሊፊሽ በተገኘው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ላይ ስለሠሩት ሥራ ነው። የኬሚስትነት ችሎታቸው በግልጽ የታየው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ካልሲየምን ለይተው የሚይዙ ውህዶችን በቀመሙበት ጊዜ ነበር።

ቼን በ1952 በኒው ዮርክ ተወልደው በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሊቪንግስተን በምትባል ከተማ አደጉ። ወላጆቻቸው ከቻይና የሄዱ ነበሩ። በልጅነታቸው አስም ስለነበረባቸው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አይወጡም ነበር፤ ያንን ጊዜ በኬሚስትሪ ሙከራ አሳለፉት። በ1968፣ በ16 ዓመታቸው፣ ታዮሳያኔት የተባለው አዮን ከብረቶች ጋር ስለሚጣመርበት ሁኔታ ባቀረቡት ጥናት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚዘጋጀው የዌስቲንግሃውስ የሳይንስ ውድድር አንደኛ ወጡ። ከሃርቫርድ በ1972 በኬሚስትሪና በፊዚክስ ተመርቀው ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ።

ካምብሪጅ የገቡት ለኬሚስትሪ ሳይሆን ለፊዚዮሎጂ ነው። ሊያውቁ የፈለጉት የነርቭ ሴሎች እንዴት እንደሚሠሩ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ ስላልነበረ ግን መሣሪያውን ራሳቸው ለመሥራት ተነሡ። በ1977 ያጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናታቸው ርዕሰ ጉዳይ ለሴል ፊዚዮሎጂ የሚያገለግሉ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መሣሪያዎች ንድፍና አጠቃቀም ነበር። ቀሪ ዘመናቸውን ያሳለፉትም በዚሁ ነው።

መጀመሪያ የተያያዙት ካልሲየምን ነው። ካልሲየም አጥንትና ጥርስን ከማጠንከሩ ሌላ በሴል ውስጥ ዋነኛ መልእክተኛ ነው። ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ ለቀጣዩ ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው የካልሲየም መጠን ለአፍታ ከፍ ሲል ነው። በዕረፍት ላይ ባለ ሴል ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ከሴሉ ውጭ ካለው ወደ 10,000 እጥፍ ያንሳል። ይህችን ጥቂት መጠን መለካት በራሱ ከባድ ነው፤ የባሰው ችግር ግን ማግኒዚየም ነው። የኤሌክትሪክ ሙሉ ከካልሲየም ጋር እኩል ሲሆን፣ በሴል ውስጥ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጠዋል። ስለዚህ ጠቋሚው ሞለኪውል ከብዙ ሺህ ማግኒዚየም መካከል አንዱን ካልሲየም ለይቶ መያዝ ይኖርበታል።

ኢጂቲኤ የተባለ ቀድሞ የሚታወቅ ውህድ ይህን የመለየት ብቃት ነበረው። በስምንት አቶሞቹ ካልሲየሙን ከየአቅጣጫው ይከብበዋል፤ ማግኒዚየም ግን አነስ ያለ በመሆኑ በዚያ ቦታ ልክ አይገባም። ይሁን እንጂ ኢጂቲኤ ሁለት ጉድለቶች ነበሩበት። በሴል ውስጥ ባለው የአሲድነት መጠን ናይትሮጅኖቹ በሃይድሮጂን አዮን ተይዘው ይቆያሉ፤ ካልሲየም ሲመጣ መጀመሪያ ሃይድሮጂኑ መልቀቅ ስላለበት ሥራው ይዘገያል፣ ጥቂት የአሲድነት ለውጥም ውጤቱን ያዛባዋል። በዚያ ላይ ውህዱ ካልሲየም መያዝ አለመያዙን የሚያሳይ ምልክት አይሰጥም።

የቼን መፍትሔ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። በኢጂቲኤ ውስጥ ናይትሮጅንን ከኦክስጅን የሚያገናኙትን ሁለት አጫጭር የካርቦን ሰንሰለቶች አውጥተው በምትካቸው የቤንዚን ቀለበቶች አስገቡ። ቀለበቱ የናይትሮጅኑን ኤሌክትሮኖች በከፊል ወደ ራሱ ስለሚስብ ናይትሮጅኑ ሃይድሮጂንን የመያዝ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በሴል ውስጥም ነፃ ሆኖ ይጠብቃል። ካልሲየም ሲደርስ ናይትሮጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ከቀለበቱ አላቅቆ ወደ ካልሲየሙ ያዞራል፤ ይህ ደግሞ ውህዱ የሚመጠውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይለውጠዋል። በአንድ ለውጥ ሁለቱም ጉድለቶች ተወገዱ። ባፕታ የተባለውን ይህን ውህድ ቼን ያሳተሙት በ1980፣ በብቸኛ ደራሲነት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተነደፉት ሞለኪውሎች መካከል የዚህን ያህል በጥቂት ለውጥ ብዙ ያተረፈ ማግኘት ይከብዳል።

ቀጣዩ ጥያቄ ሞለኪውሉ እንዴት ሴል ውስጥ ይግባ የሚል ነበር። አራት አሉታዊ ሙሎች ስላሉት ቅባት የሆነውን የሴል ሽፋን አያልፍም፤ በመርፌ ማስገባት ደግሞ ለትልልቅ ሴሎች እንጂ ለትንንሾቹ አይመችም። ቼን በ1981 ያቀረቡት ዘዴ ሙሎቹን አሴቶክሲሜትል በተባለ ኤስተር መሸፈን ነበር። የተሸፈነው ሞለኪውል ቅባታማ ስለሚሆን ሽፋኑን ሰርጎ ይገባል። ውስጥ ሲደርስ፣ እንግዳ በር ላይ ካባውን እንደሚያወልቅ፣ የሴሉ ኢንዛይሞች ኤስተሩን ይቆርጡለታል፤ ሙሎቹ ሲመለሱለት ተመልሶ መውጣት አይችልም። ተመራማሪው ሴሎቹን ውህዱ በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ አስቀምጦ ከመጠበቅ ሌላ የሚደክምበት ነገር የለም።

ክዊን-2 የተባለው የመጀመሪያው አብሪ ጠቋሚ በዚህ መንገድ በደም ነጭ ሴሎች ውስጥ ተሞከረ። ይሠራ ነበር፤ ብርሃኑ ግን ደካማ በመሆኑ ብዙ መጠን ይፈልጋል፣ ብዙ ሲጨመር ደግሞ ሊለካው የመጣውን ካልሲየም ራሱ ይይዘዋል። ቼን ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ከተዛወሩ በኋላ በ1985 ከግሪንኬቪች እና ከፔኒ ጋር ያሳተሙት ፉራ-2 ይህን ፈታ። ብርሃኑ እስከ 30 እጥፍ ይደምቃል። የሚለካውም በሁለት ብርሃን ነው፤ ካልሲየም ሲጨምር በ340 ናኖሜትር የሚነሣው ድምቀት ከፍ ይላል፣ በ380 የሚነሣው ይቀንሳል። ሁለቱ ሲካፈሉ የሴሉ ውፍረትም ሆነ የገባው የውህድ መጠን ልዩነት ይጣፋል፤ የሚቀረው የካልሲየሙ መጠን ብቻ ነው።

ቼን በ1989 ወደ ሳን ዲዬጎ ተሻገሩ። ዳግላስ ፕራሸር የአረንጓዴ አብሪ ፕሮቲንን ጂን በ1992 ለይተው ሲያሳትሙ፣ ጂኑ በቼንም በቻልፊም እጅ ገባ። ቻልፊ ፕሮቲኑ በሌሎች ፍጥረታት ውስጥ እንደሚያበራ አሳዩ። ቼን ደግሞ ፕሮቲኑን ሊሻሻል እንደሚችል ውህድ ተመለከቱት። የሚያበራው ክፍል እንዲፈጠር ኦክስጅን እንደሚያስፈልግ አረጋገጡ፤ በ65ኛው ቦታ ያለውን ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ በትሪዮኒን ሲተኩት ፕሮቲኑ በሰማያዊ ብርሃን ብቻ የሚነቃና ይበልጥ የሚደምቅ ሆነ። ሰማያዊና ቢጫ ዓይነቶችንም ሠሩ፤ በ2004 ከኮራል መሰል የባሕር እንስሳ የመጣውን ቀይ ፕሮቲን አሻሽለው በፍራፍሬ ስም የተጠሩ ብዙ ቀለማትን አወጡ።

ካልሲየምንም አልተዉትም። በ1997 ከአትሱሺ ሚያዋኪ ጋር የሠሩት ካሜሊዮን ሁለት ባለቀለም ፕሮቲኖችን ካልሲየም በሚይዝ ፕሮቲን ያገናኛል፤ ካልሲየም ሲያዝ ሁለቱ ይቀራረቡና የብርሃኑ ቀለም ይለወጣል። በጂን ስለሚሠራ በተፈለገው የሴል ዓይነት ውስጥ ብቻ እንዲገኝ ማድረግ ይቻላል፤ በኤስተር የገባ ውህድ ይህን ምርጫ አይሰጥም። በሁለት ቀለም ንጽጽር የመለካቱ ሐሳብ ግን የፉራ-2 ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፊታቸውን ወደ ሕክምና አዞሩ። ካንሰርን ለቀዶ ሐኪም የሚያሳዩ፣ ነርቭም በስሕተት እንዳይቆረጥ የሚያበሩ ፔፕታይዶችን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠሩ። ቼን በ2016 በ64 ዓመታቸው አረፉ። ነርቭ ከሚያበሩት ሞለኪውሎች አንዱ ከዚያ ወዲህ በሰው ላይ ተሞክሯል፤ ባፕታና ፉራ-2 ደግሞ እስካሁን በዓለም ዙሪያ ባሉ ላቦራቶሪዎች ይሠራባቸዋል።