ዱላ ከክፍል ያልወጣበት ምክንያት

በወላጆች ስብሰባ ላይ «ዲሲፕሊን ጠፋ» የሚለው ሮሮ ሁሉንም ያስማማል፤ የሚፈለገው ነገር ግን ለየቅል ነው። ወላጅ የሚናፍቀው ታላቅ የሚያከብር ልጅ ነው። ርዕሰ መምህሩ በሰዓቱ የሚገባና በሰልፍ ላይ ዝም የሚል ተማሪ ይፈልጋል። መምህሩ ድምፁ ኋላ ወንበር ድረስ ከተሰማለት ይበቃዋል። ለተማሪው ግን ዲሲፕሊን ማለት አርጩሜ፣ ኩርኩምና መንበርከክ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚደበድብን ሰው ይቀጣል፤ እዚያው ላይ ግን ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድን፣ ከሕግ ጋር የማይቃረን የዲሲፕሊን እርምጃ ከወንጀልነት ያወጣል። የሚፈቀደው እርምጃ እስከ የት እንደሆነ እዚያው ስላልተነገረ ብዙ መምህራን በዚህ ቀዳዳ ይጽናናሉ። በእኔ እምነት የትምህርት ቤቱን ነገር ሕገ መንግሥቱ ቋጭቶታል።

ታዲያ ዱላው ለምን ቀረ? የተለመደው መልስ «ባህላችን ነው» የሚል ነው። ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» የሚል አባት በነበረበት አገር ይህ ውሸት አይደለም። ግን ቅዳሜ በየቤቱ እየዞረ ሦስት ልጆች የሚያስጠና መምህር አንዳቸውንም ሳይነካ ይውላል፤ ያው ሰው ሰኞ ክፍል ሲገባ አርጩሜ ይዞ ነው። ባህሉ በሁለት ቀን አልተለወጠም። የተለወጠው የልጆቹ ቁጥር ነው፤ ለዚህ የሚገባውን ክብደት ስንሰጠው አላይም።

ትምህርት ሚኒስቴር ለአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠው መለኪያ በክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ የታጨቀበት ክፍልም ብርቅ አይደለም። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። የቤት ሥራ ሳይሠሩ የመጡ ዐሥር ልጆች ቆመዋል እንበል። አንዷ ደብተር አልቆባታል፣ አንዱ ማታ ታናሹን ሲጠብቅ አምሽቷል፣ አንዱ ትምህርቱ ጨርሶ አልገባውም። ይህን ጠይቆ ለመለየት ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ሁሉንም መዳፍ መዳፋቸውን ለመግረፍ ግን ሁለት ደቂቃ ይበቃል። መምህሩ የሚቆጥበው ጊዜ ነው፤ ያልገባው ልጅም ሳይገባው ይቀመጣል።

ዱላው የሚያስከትለው ነገር ደግሞ ከምክንያቱ በላይ ያሳስበኛል። መምህሩ ሲወጣ የክፍሉ አለቃ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ጓደኛው አይጻፍም፤ ፓስቲ የገዛለት ይሰረዝለታል። ልጆቹ ከዚህ የሚወስዱት ራስን መግዛት አይደለም፤ ከቀጪው ጋር መወዳጀት እንደሚያዋጣ ነው። አርፍዶ የመጣም በር ላይ እንደሚንበረከክ ካወቀ ጨርሶ መቅረትን ይመርጣል።

ዱላን የተዉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የክፍሉ ቁጥር ሳይቀንስ፣ ረዳት መምህር ሳይመደብ የተዉት ግን በቦታው «ወላጅ አምጣ»ን ተክተዋል። እናት አባቱ አጠገቡ ላሉ ልጅ ቅጣቱ ቀላል ይሆናል። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት እየሠራች ለምትማር ልጅ ግን ወላጇ ሩቅ ነው፤ አሠሪዋን ከሥራ ቅሪልኝ ብላ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ቁጣ ያመጣባታል። ስለዚህ ትቀራለች። በስም መጥሪያው ላይ የሚሰፍረው «ቀሪ» የሚል ብቻ ነው፤ ያስቀራት ቅጣት መሆኑ የትም አይመዘገብም።