የአልጋ ዋጋ አውጪው ስንት ይከፈለዋል?

በየካቲት፣ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ፍለጋ የወጣ ሰው ዋጋው ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበረው ጋር ዝምድና እንደሌለው ያውቃል። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል የሪዘርቬሽን ክፍል ስሠራ ይህ ዋጋ የሚወለድበትን ወንበር በቅርብ አይቼዋለሁ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ ላይ አለቃችን ማኪያቶውን ሳይነካ ኤክሴሉን ይከፍታል። ቀኖቹ በቀለም ተለይተዋል፤ ቀዩ ሊሞላ የደረሰ፣ አረንጓዴው ገና ባዶ ነው። ትናንት ስንት አልጋ እንደተሸጠ፣ ለየትኛው ቀን እንደተሸጠ፣ ማን እንደሰረዘ ያነባል። ይህን «ፒክአፕ» ይለዋል። አንድ ቀን አንድ ኤምባሲ ለ12 ክፍል ዋጋ ጠየቀ። የሽያጭ ክፍሏ ልጅ «የዓመት ደንበኛ ናቸው፣ በኮርፖሬት ዋጋ እንስጣቸው» ስትል አለቃችን ራሱን ነቀነቀ። «እስከ ሐሙስ ጠብቂ። ሐሙስ ይሄ ዋጋ የለም።» ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ በ140 ዶላር የነበረው ክፍል 290 ገባ። ኤምባሲውም ከፈለ።

በዚያው ወር አለቃችን የደመወዝ ጭማሪ ሊጠይቅ ወደ ሰው ኃይል ቢሮ ወጣ። ኃላፊው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ልክ ነህ፤ ግን እርከኑ አይፈቅድም» አሉት። በሆቴሉ ውስጥ የማይነቃነቅ ዋጋ ቢኖር የዋጋ አውጪው ዋጋ ብቻ ነበር።

ሥራው ሬቨኑ ማኔጀር ይባላል። በአማርኛ «የገቢ ሥራ አስኪያጅ» ሲሉት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአለቃችን እናት ለጎረቤት «ልጄ ገቢዎች ነው» እያሉ ስለሚያወሩ፣ ግብር የተጫነበት የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ አማላጅ ይልክባቸው ነበር።

ሙያው የተወለደው አየር መንገድ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኬን ሊትልዉድ የተባለ የብሪታኒያው ቢኦኤሲ ባለሙያ አንድ ጥያቄ አነሳ፦ በርካሽ የሚገዛው ደንበኛ አሁን ፊቴ ቆሟል፤ በውድ የሚገዛው ምናልባት በመጨረሻው ቀን ይመጣል፤ ስንት ወንበር ለእሱ ላቆይለት? መልሱን በቀመር ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ የአየር ትኬት ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ነጻ ስታወጣ ቀመሩ ገበያ አገኘ። በ1981 ከኒዋርክ መብረር የጀመረው ፒፕል ኤክስፕረስ ትልልቆቹን በርካሽ ትኬት ሲያስጨንቃቸው፣ በሮበርት ክራንዳል የሚመራው አሜሪካን ኤርላይንስ በጥር 1985 መልስ ሰጠ። ባዶ ሊበሩ የነበሩ ወንበሮችን ከፒፕል ኤክስፕረስ ጋር በሚስተካከል ዋጋ ሸጠ፤ ቸኩሎ ለሚመጣው ነጋዴ የሚሆኑትን ግን በሙሉ ዋጋቸው አቆያቸው። ፒፕል ኤክስፕረስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሸጠ። የአሜሪካን ኤርላይንስ ባለሙያዎች በ1992 ባወጡት ጽሑፍ ዘዴው በ3 ዓመት 1.4 ቢሊዮን ዶላር እንዳስገኘ አስልተዋል።

ሆቴሎች፣ ማሪዮትን ተከትለው፣ ነገሩን ወዲያው ተረዱት። የዛሬ ሌሊት አልጋ ነገ አይሸጥም። አትክልት ተራ ያለች ነጋዴ ሲመሽ ቲማቲሟን የምታረክሰው ስለዚሁ ነው። ልዩነቱ ሆቴሉ ሲመሽ ሊያስወድድም መቻሉ ነው፤ በረራ የተሰረዘበት መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ከደረሰ ዋጋ አይከራከርም።

አዲስ አበባ ይህን ሙያ የተዋወቀችው ዘግይታ ነው። ሒልተን በ1962 ዓ.ም.፣ ሸራተን በ1990 ዓ.ም. ሲከፈቱ የክፍል ዋጋ በታሪፍ ወረቀት ታትሞ የሚሰነብት ነገር ነበር። በኋላ ዓለም አቀፍ ስም የያዙ ሆቴሎች ተራ በተራ መጡ፤ ስካይላይትም ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ ተከፍቶ ከማስፋፊያው ጋር ከ1 ሺህ በላይ ክፍል ያለው ሆነ። ቡኪንግ ዶት ኮምና ኤክስፔዲያ ደግሞ የሁሉንም ዋጋ ጎን ለጎን ደርድረው ለደንበኛው አሳዩት። ያኔ ዋጋን በየሰዓቱ የሚጠብቅ ሰው ግድ ሆነ።

የደመወዝ ጥያቄም እዚህ ጋ ይጀምራል። ወንበሩ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ላይ አይቀመጥም። ሰንሰለት ሆቴሎች አንድ ሰው ዱባይ ወይም ሌላ ከተማ ሆኖ የብዙ ሆቴሎችን ዋጋ እንዲመራ ያደርጋሉ፤ «ክላስተር» ይሉታል። እዚህ ያለው ልጅ ያንኑ ኤክሴል በየጠዋቱ እየሞላ፣ ማዕረጉ ግን «አናሊስት» ወይም «የሪዘርቬሽን ሱፐርቫይዘር» ይሆናል። በአገር በቀል ሆቴል ደግሞ ማዕረጉ ሙሉ ነው፤ ሥልጣኑ ግን ባለቤቱ «ለወዳጄ በግማሽ ስጠው» ብሎ እስኪደውል ድረስ ነው። ሁለቱም ሥራውን ይሠራሉ፤ ሁለቱም ሙሉ ዋጋውን መጠየቅ ይቸግራቸዋል።

ሥራው ምን ያህል ያስገባል? ሆቴሎች የሚዳኙበት መለኪያ ሬቭፓር ይባላል፤ የዕለቱን የክፍል ገቢ ለክፍሎቹ ሁሉ፣ ባዶ ላደሩትም ጭምር ማካፈል ነው። ባለ 200 ክፍል ሆቴል 130ውን በ150 ዶላር ቢሸጥ 19,500 ዶላር ያገኛል፤ ለ200 ሲካፈል 97 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ጎበዝ ዋጋ አውጪ ይህን ቁጥር በ5 ዶላር ከፍ ቢያደርግ፣ 5 በ200፣ ያንን በ365 ቀን ሲያባዙት በዓመት 365 ሺህ ዶላር ነው። ሁሉም የእሱ ላብ አይደለም፤ ጉባኤውም፣ የአየር መንገዱ ትራንዚት መንገደኛም፣ ክፍል የሚያጸዳችው ልጅም አሉበት። ሆኖም ከሆቴሉ ሠራተኛ ሁሉ ድካሙን በቁጥር ማሳየት የሚችል እንደ እሱ ያለ የለም። መጨረሻ ላይ የሚከራከረው ደግሞ ስለ እርከን ነው።

ለሒሳብ እንዲመቸን ወርሃዊ ደመወዙን 60 ሺህ ብር እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዓመት በኋላ 130ን አለፈ። ያ 60 ሺህ በፊት ከ1,050 ዶላር ይበልጥ ነበር፤ በ135 ሲመነዘር 444 ዶላር ነው። ክፍሉ ግን 150 ዶላር እንደሆነ ቀረ፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ዋጋ የሚያወጡት በዶላር ነውና። በድሮው ምንዛሪ ሰውየው በወር ደመወዙ ራሱ በሚሸጠው ክፍል 7 ሌሊት ማደር ይችል ነበር፤ ዛሬ 3 ሌሊት እንኳን አይሞላለትም። አንድም ሰው ደመወዙን አልቀነሰበትም። ደብዳቤ አልደረሰውም። ቅናሹ የመጣው እሱ በየጠዋቱ በሚያየው የምንዛሪ ሰሌዳ ላይ ነው።

60 ሺሁም እጁ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ነጻውን መነሻ ከ600 ወደ 2,000 ብር አነሣው፤ ለአነስተኛ ተከፋይ ትርጉም አለው። ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው ግን እንደ ቀድሞው ከፍተኛ እርከን 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በ60 ሺህ ላይ ግብሩ 18,950፣ የጡረታ 7 በመቶው 4,200 ብር ይሆናል፤ የተጣራው 36,850። በአሮጌው ሒሳብ ግብሩ 19,500 ነበር። ማሻሻያው ለእሱ 550 ብር ነው፤ ከጓደኛ ጋር ምሳ ቢበላበት የታክሲ አይተርፈውም።

«ሰርቪስ ቻርጅ አለላችሁ አይደል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። አለ። በደረሰኙ ላይ ያለው 10 በመቶ ለብዙ የሆቴል ሠራተኛ ከደመወዙ የሚበልጥበት ወር አለ፤ በጉባኤ ሰሞን ያስቃል፣ በክረምት ያስለቅሳል። ለኃላፊዎች ይድረስ አይድረስ እንደየቤቱ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የሠራተኛ ሕጉን ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን «ደመወዝ» አይለውም፤ ቦነሱን፣ ኮሚሽኑንና የትራንስፖርት አበሉንም እንዲሁ። ስለዚህ በደመወዝ የሚሰላ ነገር ሁሉ፣ ስንብትም ሆነ ካሳ፣ የሚመዘነው በቀጭኗ መነሻ ነው። በዚያው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተጽፏል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑም ጥያቄውን ሳይሰለች ሲያነሣው ኖሯል። ለጋራዡ ዘበኛና ለአልጋ አንጣፊዋ የወለል ዋጋ ሳይወጣ ስለ ሬቨኑ ማኔጀር መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ለእኔ ግን ጉዳዩ አንድ ነው። ከታች ወለል ከሌለ ከላይ ያለው እርከንም በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ የድርድሩ ወግ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚል ይነበባል። አመልካቹ ደግሞ «ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» ማምጣት አለበት፤ ደብዳቤው ላይ የቀድሞ ደመወዙ እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል። አንዱ ካርዱን ገልብጦ፣ ሌላው ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ስምምነቱ የሚያልቀውም በአሮጌው ደመወዝ ላይ ትንሽ ጣል በማድረግ ነው። ዋጋ አውጪው ቢሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ ደንበኛ አምና ስንት እንደከፈለ ጠይቆ በዚያ ላይ 10 ዶላር ጨምሮ አይሸጥለትም። ዛሬ ክፍሉን ስንት ሰው ይፈልገዋል ብሎ ነው የሚነሳው።

ብዙ ሐበሻ በሆቴል በሚሠራባት በዋሽንግተን ዲሲ ከሰኔ 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪ በማስታወቂያው ላይ የደመወዙን ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን መጻፍ አለበት፤ የቀድሞ ደመወዝን መጠየቅም ተከልክሏል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው መመሪያም ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ደግሞ የሆቴል ሥራ አስኪያጆችን ዓመታዊ ክፍያ በየዓመቱ ያወጣል፤ በ2023 መካከለኛው 65,360 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች። ማታ ፍሮንት ዴስክ ላይ የሚያድር፣ ቀን ኮሌጅ የሚማር ልጅ ያንን ቁጥር ይዞ ይደራደራል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አይደለም የምቀናው፤ ግልጽ ስለሆነ ነው።

አለቃችን መጨረሻ ላይ ከባሕረ ሰላጤው ጥሪ መጣለት። ደብዳቤውን አሳትሞ ካፍቴሪያ ውስጥ እርሳስ ይዞ ሲያነብ አገኘሁት። ገቢ ግብር የሌለበት አገር ነው፤ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ጠቅላላ ድምሩ ነው። እሱ ድምሩን ትቶ «ቤዚክ» የሚለው ላይ ክብ አደረገ። ዱባይ የአገልግሎት ዘመን ክፍያ የሚሰላው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ በ21 ቀን መነሻ ደመወዝ ነው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይገባበትም። «እየው» አለኝ፤ «12 ሺህ ድርሃም ጠቅላላ፣ ቤዚኩ 6 ሺህ። አምስት ዓመት ሠርቼ ስወጣ 21 ሺህ። ቤዚኩን 9 ሺህ ካደረጉልኝ ያው 12 ሺህ ነው የሚከፍሉኝ፣ ስወጣ ግን 31,500።» አንቀጽ 53ን እዚያም አገኘው ማለት ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። መልስ ጻፈ፣ ጠየቀ፣ 8 ሺህ ላይ ተስማሙ። እዚህ በ4 ዓመት ያላገኘውን ድርድር እዚያ በአንድ ኢሜይል አገኘ።

ሽኝቱ ዕለት ጋሼ ኬኩን ቆርሰው አጎረሱት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በሳምንቱ የቦታው ማስታወቂያ ወጣ። ከታች፣ በደማቅ፣ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። ያኔ እኔም ለማመልከት አስቤ ስለነበር ወደ ሰው ኃይል ደወልኩ፤ ከስምምነቱ በፊት ስንት እንደታሰበ ጠየቅኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና መለሰችልኝ።

«እርስዎ የሚጠብቁትን ይጻፉ፤ ከዚያ የአሁኑን የደመወዝ ማስረጃዎን ይዘው ይምጡ።»